የጭቃ ተፋላሚዎችና የጭቃ ሠሪዎች



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ታሪክ የጨዋታ ታሪክ ነው። ጨዋታ የተባለ ሁሉ የልጅ ነገር ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ኅብረተሰብ የሚንቀውንና የሚያከብረውን ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ ልጆቹ በምን እንደሚጫወቱና መጫወቻውን ማን እንደሚሠራላቸው ቢመለከት ብዙ ይማራል። ርእሳችን ከጭቃ የተሠሩ አሻንጉሊቶች በቴሌቪዥን መስኮት ላይ እየተቧቀሱ ሰውን የሚያስቁበት «ክሌይፋይተር» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ ሲመለስ የጭቃ ተፋላሚ ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስለ ባሕር ማዶው ከማውራታችን በፊት ግን ከቤታችን እንነሣ። በአገራችን ድብድብን ጨዋታ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። በገና ዕለት ሜዳው ላይ ሁለት ወገን ተከፍሎ፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ከእንጨት የተጠረበችውን ኳስ ለመምታት ሲጋፋ፣ ጌታው በአሽከሩ ዱላ ቢነካ እንኳ እንዳይቆጣ ልማድ ይከለክለዋል። በዓመት አንድ ቀን ትልቅና ትንሽ በአንድ ሜዳ ይላፋሉ ማለት ነው። በፈረስ ጉግስም ዘንጉ ሲወረወር ጋሻ ይመክተዋል፤ አሯሯጩ የጦርነት ነው፣ ዓላማው ግን ጨዋታ ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ ደግሞ ከወንዝ ዳር ጭቃ አድቦልቡሎ በሬ ይሠራል፤ ቀንድ ያበጅለትና ከባልንጀራው በሬ ጋር ያዋጋዋል። በሬው ቀንዱ የተሰበረበት ልጅ ይሳቅበታል። ጭቃው እስካልደረቀ ድረስ ግን ቀንዱን መልሶ ይተክልለትና ውጊያው እንደገና ይጀመራል።

በጨዋታ ድብድብና በእውነተኛ ጦርነት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። በጨዋታ የወደቀ ይነሣል፣ የተሰበረ ይጠገናል። በጦርነት የወደቀን ሰው መልሶ የሚያድቦለቡል እጅ የለም። ይህን ለእኛ ለስደተኞች መንገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ስለሚሆን አናስረዝመውም።

አሁን ወደ ባሕር ማዶው እንለፍ። በ1991 የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ «ስትሪት ፋይተር ሁለት» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው እያንዳንዳቸው አንድ ተፋላሚ ይመርጡና በመጨበጫና በቁልፍ እያዘዙ ያደባድባሉ። ጨዋታው ሳንቲም እየተከፈለባቸው በሚሠሩት ማሽኖች፣ ኋላም በቤት ውስጥ በሚተከሉት መሣሪያዎች ዓለምን አዳረሰ። በማግሥቱ ዓመት በ1992 የአሜሪካው ሚድዌይ ኩባንያ «ሞርታል ኮምባት» ይዞ መጣ። የዚህኛው ልዩነት ተፋላሚዎቹ በእጅ የተሣሉ ሳይሆኑ በካሜራ የተቀረጹ እውነተኛ ሰዎች መሆናቸው ነበር። ሲመቱ ደም ይረጫል፤ ያሸነፈውም የተሸነፈውን በመጨረሻ በሚዘገንን ሁኔታ ይገድለዋል። የሚገርመው በዚያ ሁሉ ሥጋ ለባሽ መካከል ጎሮ የተባለው ተፋላሚ ተቀርጾ በጥቂት በጥቂቱ እየተንቀሳቀሰ ፎቶ የተነሣ አሻንጉሊት ነበር። ጎሮ አራት እጅ ያለው ነውና፣ አራት እጅ ያለው ተዋናይ ተፈልጎ አይገኝም።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1993 ይኸው ጨዋታ ለቤት መሣሪያዎች ተዘጋጅቶ ለገበያ ቀረበ። ለኒንቴንዶ መሣሪያ በተሠራው ላይ ደሙ ላብ እንዲመስል ተደረገ፤ ለሴጋ መሣሪያ በተሠራው ላይ ግን የቁልፎቹን ምሥጢራዊ ቅደም ተከተል ያወቀ ልጅ ደሙን ያገኘዋል። ወላጆች ጮኹ። ዲሴምበር 9 ቀን 1993 የአሜሪካ ሴናተሮች ጆሴፍ ሊበርማንና ኸርብ ኮል የጨዋታ ኩባንያዎችን ሹማምንት በሸንጎ አስቀርበው ጠየቁ። በዚህም ግፊት በ1994 ኩባንያዎቹ የየጨዋታውን ይዘት መርምሮ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚፈቀድ በሣጥኑ ላይ የሚያሳውቅ ድርጅት አቋቋሙ።

«ክሌይፋይተር» ወደ ገበያ የወጣው ክርክሩ በጋለበት በዚያው በ1993 መጨረሻ ነው። የሠራው ቪዥዋል ኮንሰፕትስ የተባለ ድርጅት ሲሆን ያሳተመው ኢንተርፕሌይ ነው፤ መጀመሪያ ለሱፐር ኒንቴንዶ፣ በ1994 ደግሞ ለሴጋ መሣሪያ ወጣ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሰማይ የወረደ የጭቃ ኮከብ በአንድ ሰርከስ ላይ ይወድቅና የሰርከሱን ሠራተኞች በሙሉ ወደ ጭቃ ፍጡርነት ይለውጣቸዋል፤ እነሱም ማን ይበልጣል እያሉ ይደባደባሉ። አንደኛው የበረዶ ኳስ የሚወረውር ክፉ የበረዶ ሰው ነው። ሌላው እንደ ከረሜላ የሚለጠጥ ነው። ትግል ገጣሚው ተራራ የሚያክል ሆኖ ሳለ ስሙ «ትንሹ» ነው። የቀንድ ቆብ የደፋች ወፍራም የኦፔራ ዘፋኝ፣ የኤልቪስ ፕሪስሊን ጸጉርና አለባበስ የሚኮርጅ አዝማሪ፣ የሰርከስ ቀልደኛ፣ የዱባ ራስ ያለው መንፈስ፣ ከዚህም ሌላ እንደ ልቡ ቅርጹን የሚለዋውጥ ድብልብል ጭቃ አሉበት። ተጫዋቹ ሊመርጣቸው የሚችለው ስምንቱ ናቸው፤ ዘጠነኛው በመጨረሻ የሚገጥመው አለቃ ነው።

ይህ ጨዋታ በጊዜው በነበሩት ታላላቅ የድብድብ ጨዋታዎች ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። እነዚያ በጡንቻቸው ይኮራሉ፤ ይህ ጡንቻውን ሊጥ አድርጎ ያሳያል። እነዚያ ደም ያፈሳሉ፤ በዚህ ውስጥ የሚመታው ይጨፈለቃል፣ ይለጠጣል፣ ተመልሶ ቅርጹን ይይዛል። ሸንጎ ስለ ደም ሲከራከር፣ ድብድቡን ሳያስቀር ደሙን ብቻ ያስወገደው ተፋላሚዎቹ የተሠሩበት ነገር ነው። የእረኛው ልጅ የጭቃ በሬ ሕግ፣ እረኛውን አይተው በማያውቁ ሰዎች እጅ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ለመሆኑ ጭቃ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ብልሃቱ ከፊልም የመጣ ነው። አሻንጉሊቱ በካሜራ ፊት ይቆምና አንድ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ክንዱ በጣት ጥቂት ይገፋና ሌላ ፎቶ ይነሣል። እንዲህ እየተደጋገመ ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲተላለፉ ዓይናችን ይታለልና አሻንጉሊቱ በራሱ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል። ስለዚህ ለአንድ ደቂቃ ፊልም 1,440 ምስል ያስፈልጋል፤ አንዱን አቋም ሁለት ሁለት ጊዜ በማንሣት ድካሙን የሚያቃልል ባለሙያ እንኳ አሻንጉሊቱን 720 ጊዜ መንካት አለበት። ለቪዲዮ ጨዋታ ደግሞ ሥዕሎቹ ወደ ኮምፒዩተር ገብተው ይቆራረጣሉ፤ ዝላዩ ለብቻ፣ ጡጫው ለብቻ፣ መውደቁ ለብቻ ይቀመጣል። ልጁ ቁልፉን ሲጫን መሣሪያው ተገቢዎቹን ሥዕሎች አከታትሎ ያወጣቸዋል። የዚያን ዘመን የጨዋታ ካሴት የሚይዘው ሥዕል ጥቂት ስለነበር በቁጠባ መሥራት ግድ ነበር።

ጭቃው ራሱ ታሪክ አለው። ተራ የሸክላ ጭቃ በካሜራ መብራት ፊት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በ1897 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዊሊያም ሃርበት የተባለ የሥዕል መምህር ለተማሪዎቹ የማይደርቅ ጭቃ ፈጠረ፤ እሱም ፕላስቲሲን የተባለው ነው። ፊልም ሠሪዎች ይህን ዓይነቱን ጭቃ እየተጠቀሙ ቆይተው፣ በ1975 አሜሪካውያኑ ዊል ቪንተንና ቦብ ጋርድነር በጭቃ በሠሩት አጭር ፊልም የኦስካር ሽልማት አገኙ። የእንግሊዙ ኒክ ፓርክም በጭቃ አሻንጉሊቶቹ በ1991 እና በ1994 ተሸለመ። የጣት አሻራ በአሻንጉሊቱ ፊት ላይ ቢታይ እንኳ እንደ ጉድለት አይቆጠርባቸውም፤ የሰው እጅ ያረፈበት ሥራ ነው እየተባለ ይደነቅላቸዋል።

«ክሌይፋይተር» ተከታዮች ነበሩት። ሁለተኛው ክፍል በ1995 ወጣ። ሦስተኛው በ1997 ለኒንቴንዶ 64 ሲወጣ ስሙን «63 ከአንድ ሦስተኛ» አለው፤ በዚያ መሣሪያ ላይ ይወጣ የነበረው ብዙው ጨዋታ በስሙ ጫፍ 64 ስለሚለጥፍ ያንን ለማሾፍ ነው። በ1998 የወጣው የተሻሻለ እትም በአሜሪካ በብሎክባስተር መደብሮች ለኪራይ ብቻ የቀረበ በመሆኑ ዛሬ አሮጌ ጨዋታ የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ ገንዘብ ይፈልጉታል። ከዚህ ሌላ በ1996 «ዘ ኔቨርሁድ» የተባለው ጨዋታ መልኩን ከጭቃ ቀርጾ በመታየቱ ተደንቋል።

ነገር ግን እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። የ1997ቱ ጨዋታ የመጀመሪያውን ያህል አልተወደደም፤ አንዱም ጉድለቱ ቀልዱ ከበረዶ ሰው አልፎ ወደ ሰው ዘር መሻገሩ ነው። የቻይናን ሕዝብ አነጋገርና መልክ የሚያላግጥ ወጥ ቤት ተፋላሚ ገባበት። በጥንቆላና በመተት የሚዋጋ፣ የጥቁርን ሕዝብ እምነት መሳቂያ የሚያደርግ ጠንቋይም ገባበት። እዚህ ላይ ሣቁ ባሕርዩን ለወጠ። የበረዶው ሰው ሲሳቅበት የሚያፍር የለም፤ ከተማሪ ቤት ሲመለስ በዚያ ስም የሚጠራ ልጅም የለም። ጠንቋይ ተብሎ የተሣለው ግን ዘመድ አለው። ያው ጭቃ ነው፣ ያው ብልሃት ነው፤ አንዱ ሣቅ ሰውን ያቀራርባል፣ ሌላው ስም ይለጥፋል።

በጭቃ ሰው ላይ የጠንቋይ ስም መለጠፍ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። የእኛው ሕዝብ ይህን ስም የለጠፈው በአሻንጉሊት ሳይሆን አሻንጉሊቱን በሚሠራው ሰው ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የምንተርከው የእኛውን የጭቃ ሠሪዎች ታሪክ ነው።

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። በዚያ የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ ጎረቤቶቻቸው ፈላሻ ይሏቸው የነበሩት፣ ርስት የማግኘት መብት ስለተነፈጋቸው በእጅ ሙያ የሚተዳደሩ ነበሩ። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ሴቶቹ ከእንስራና ከድስት ሌላ ትንንሽ የጭቃ ምስሎችን እየሠሩ ለአገር ጎብኚ ይሸጡ ጀመር፤ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ጎን ለጎን የተኙ ባልና ሚስት። ከእነዚህም ውስጥ ያየውን ፈገግ የሚያሰኙ አሉ። ሴቶቹ ፕላስቲሲን አልነበራቸውም፤ ከአፈር የተገኘውን ጭቃ በእጃቸው ቀርጸው በእሳት ይተኩሱታል። በውጭ አገር ቢሆን ቀራጭ ተብለው በተከበሩ ነበር። በአገራቸው ግን «ቡዳ» ተባሉ። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለባቸው። ነቀፋው በእነሱ ብቻ አልቆመም፤ በየክፍለ ሀገሩ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው በተመሳሳይ ስም ሲሰደብ ኖሯል።

ይህ ነቀፋ ለአገር እንደማይበጅ ያወቁ አልጠፉም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ጭሰኛውንና ባለ እጁን በመሬት የመጠቀም መብት እኩል አደረገው። አዋጅ መሬት ሊሰጥ ይችላል፤ አፍን መዝጋት ግን አልተቻለውም። ስድቡ ከአዋጁ ዕድሜ ረዘመ።

ከዚያም ረኀቡና ጦርነቱ መጣ። በ1984 ቤተ እስራኤል በብዙ ሺህ ሆነው በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ብዙዎቹ ያረፉት በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ነበር። በመንገድና በመጠለያው በበሽታና በረኀብ ያለቁት 4,000 ገደማ እንደሚደርሱ ይገመታል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ 8,000 የሚጠጉት በምሥጢር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። በሜይ 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 የሚበልጡ በ36 ሰዓት ውስጥ ተወሰዱ። ያ የኡም ራኩባ መጠለያ በ2020 በጦርነቱ ምክንያት ከትግራይ ለሸሹ ስደተኞች እንደገና ተከፈተ። ቦታው ያው ነው፤ ወደዚያ የሚገባው ሰው ብቻ ይለዋወጣል። ትናንት በሌላው ላይ ስም ሲለጥፍ የኖረ፣ ነገ ስም ተለጥፎበት በዚያው ድንኳን ሊያድር ይችላል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ጅቡቲ ከ1977-78ቱ ጦርነት ጀምሮ ከአገራችን የሚሰደደውን ስትቀበል የቆየች አገር ናት። ከዲክሂልና ከአሊ ሳቢህ መጠለያዎች ዘመን አንሥቶ እስከ አሊ አዴና ሆል ሆል ድረስ፣ በከተማውም በባልባላ ጉብታ ላይ፣ ስደተኛ ምን ማለት እንደሆነ በቆዳችን ተምረናል። አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ በጅምላ ስም ሲጠራ ምን እንደሚሰማው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን እያወቅን ግን ከአገራችን ካመጣናቸው ጥቂት ዕቃዎች ጋር ያን አሮጌ ስድብም ጠቅልለን ያመጣን አለን። በድንኳኖቻችን መካከል ጀበና የምትሠራ እናት በሹክሹክታ ስትነቀፍ ይሰማል። ለጋብቻ ሲጠየቅ የዘር ሐረጉ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት፣ ከሐረጉም አንድ ሸክላ ሠሪ ከተገኘ ነገሩ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። ጭቃ አድቦልቡሎ ተዋጊ የሚሠራን ልጅም «እጅህን ታጠብ፣ የማን ሥራ ነው?» የሚል ትልቅ ሰው አይጠፋም።

እስቲ እናስተውል። ጠዋት የምንጠጣው ቡና የሚፈላው በጀበና ነው። እንጀራችን የሚጋገረው በምጣድ ነው። እጇ ያረፈበትን ዕቃ ከንፈራችን ላይ እያደረግን፣ እጇን ለመጨበጥ የምንጸየፍ ከሆነ፣ ነውሩ የሷ ነው ወይስ የእኛ? በሌላው ዓለም ጭቃ በጣቱ የሚያንቀሳቅስ ሰው በአዳራሽ ይጨበጨብለታል። የእኛዋ ባለሙያ ጭብጨባም አልጠየቀች፤ ልጇ በስም እንዳይሰደብ ብቻ ትፈልጋለች።

ልጆቻችን የድብድብ ጨዋታ ይወዳሉ እያልን እንጨነቃለን። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ደሙን በዓይናቸው ያዩ ልጆች አሉንና። በ1993 የወጣው ያ የጭቃ ጨዋታ ዛሬ በትንሽ የእጅ ስልክ ላይ ሳይቀር ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ስልክ ያለው ልጅ ጥቂት ነው፣ መብራቱም እንደልብ አይገኝ ይሆናል። ጭቃ ግን አለ። በጅቡቲ ከተማ የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ሆኖ በ2004 ሰው እንደበላ፣ በ2019ም ከተማውን እንዳጥለቀለቀ እናስታውሳለን፤ ውሃው ሲሸሽ የሚተወው ደለል ነው። በየመጠለያችንም ከዝናብ በኋላ ልጆች የሚያድቦለቡሉት አፈር አይታጣም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በየድንኳኑ ሸክላ መሥራት የሚያውቁ እናቶች በልጆች ትምህርት ሰዓት ተጋብዘው፣ መምህር ተብለው፣ ጭቃ እንዴት እንደሚላቆጥና ሳይሰነጠቅ እንዴት እንደሚደርቅ ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ ልጆች በሠሯቸው ተፋላሚዎች ይጫወቱ፤ የወደቀውን አንሥቶ የማስተካከል ተራ ግን የአሸናፊው ይሁን። ሦስተኛ፣ ያን አሮጌ ስም ከአፉ የሚያወጣ ትልቅ ሰው ሲገኝ፣ ሽማግሌዎቻችን ነገሩን በዝምታ አይለፉት፤ በልጆቹ ፊት ይገሥጹት።

«ክሌይፋይተር» በዓለም ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ሥራ አይደለም። ሰው ስቆበት ያለፈ ጨዋታ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ጨዋታ የበረዶው ሰውም፣ ዘፋኟም፣ ቀልደኛውም፣ አለቃው ራሱ እንኳ ከአንድ ጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው ጭቃ ነህ ብሎ ሌላውን ሊሰድብ የሚችል የለም። እኛም ከአፈር ተሠርተን ወደ አፈር የምንመለስ ነን እያልን በየለቅሶው እንናገራለን። የምንናገረውን የምናምን ከሆነ፣ ከነገ ጀምሮ ጀበና ሠሪዋን በስሟ እየጠራን እንደምን አደሩ እንበላት።